ጳጉሜ የተባለችው ፒክአፕ

ሹፌሩ መሪውን ወደ ተራራው አዞረ፤ መኪናዋ ግን ወደ ገደሉ ሄደች።

አደጋ ላይ መሆናችን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚያወጣውን ዳገት ከግማሽ በላይ ጨርሰን ነበር። እኔ ከኋላ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጄ ሰላም የሦስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ናት። የመኪናዋ አፍንጫ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ፍየል ቅጠል ልትቀነጥስ በኋላ እግሯ እንደምትቆመው ማለት ነው። ሹፌሩ ታዲዮስ መሪውን ይጠመዝዛል፣ የፊት ጎማዎቹም ይዞራሉ፣ እሷ ግን አልሰማም አለች። ከዚያ ፍሬኑን ያዘው። ስንቆም ከጎማው እስከ ገደሉ አፍ ሁለት እርምጃ ብትቀር ነው።

"ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!"

የሽንኩርቱ ባለቤት የአልዩ አምባዋ ነጋዴ ዘሐራ ናት። "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" እያለች ስትዘል አንድ ጫማዋ እላይ ቀረ። እኔ እንዴት እንደወረድኩ እስካሁን አላውቀውም። ብቻ የጋቢናውን በር ከፍቼ ሕፃኗን ከልጄ እጅ ነጥቄያለሁ።

ታዲዮስ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ላቡን ጠርጎ ሊስቅ ሞከረ።

"ምንም አይደል፣ ጠጠር አንሸራቷት ነው። ፍሪሲዮኑ ግሏል፣ እስኪበርድ እንቀመጥና እንወጣለን።"

ፍሪሲዮን ሲቃጠል ጸጉርና ጎማ አንድ ላይ የሚነድ ይመስላል። ያን ሽታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መኪናዋን ከጎኗ አየኋት። ያረጀች ሰማያዊ ፒክአፕ ናት፤ በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ፊቷ ክብ፣ ዓይኖቿ የተራራቁ። ዓይኔ ከጋቢናው ተነሥቶ በጎኗ እየሄደ እስከ ጅራቷ ደረሰ። ያኔ ከአፌ አመለጠኝ።

"ጳጉሜ!"

"ምን አልሽ እማዬ?" አለች ሰላም።

"ይቺን መኪና አውቃታለሁ። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።"

ልጄ ትኩሳት ያለኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እናቴ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። አክስቴ እትዬ አስካለ "ክረምቱን እኔ ዘንድ ትክረም" ብለው ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ወሰዱኝ። እሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው ጋሼ በየነ ባትላሜራ ነበሩ፤ ተጋጭቶ የመጣን መኪና በመዶሻ እየቀጠቀጡ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልሱ። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። ሲቀመጡ ወደ ፊት ይዘረጉታል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ሳላየው ስሮጥ ገባሁና አደናቅፎኝ በአፍንጫዬ ተደፋሁ።

"እንኳን ደህና መጣሽ" አሉኝ። "እዚህ ቤት እንግዳ ሁሉ እንዲህ ነው የሚገባው።"

ተደፍቼ ቀና ስል ነው መደርደሪያውን ያየሁት።

አሥራ አንድ ትንንሽ ፒክአፖች ተሰልፈዋል። ከምግብ ዘይት ቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ሆድ ሥር የዘይቱ ጽሑፍ ገና ይነበባል። እያንዳንዷ በሁለት መዳፌ ልክ ናት። ጎማቸው ከሸበጥ ተቆርጦ የተሠራ ነው፣ በራቸው ይከፈታል፣ ወንበራቸው ከብርድ ልብስ ቁራጭ ተሰፍቷል። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያው ነውና የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ አይቸግረውም። ፊታቸው ሁሉ አንድ ነው፣ ጀርባቸው ግን የተለያየ። ከደጅ ደግሞ ያንኑ ፊት የያዘች ትልቅ ፒክአፕ ጎኗ ተጨፍልቆ ቆማለች።

እኔ በዶሮ ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ምን ላስብ?

"ጫጩቶቿ ናቸው?" አልኩ።

ጋሼ በየነ አልሳቁም። "አዎ" አሉ በቁም ነገር። "ደህና ጥሬ ካገኙ ያድጋሉ።"

አመንኳቸው። በየማታው ከራቴ በፊት አንድ እፍኝ ገብስ እየሰረቅሁ በየመኪናው ጀርባ ላይ አፈሳለሁ። ጧት ሳየው ገብሱ የለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በሳምንቱ እትዬ አስካለ መጥረጊያ ይዘው ቤቱን ሲያምሱት አገኘኋቸው።

"ሰውየው፣ ይሄ ሁሉ አይጥ ከየት መጣብን?"

"እኔ እንጃ" አሉ ጋሼ በየነ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። "ፒክአፖቹ ሳይወልዱ አይቀሩም።"

ከዚያ ወዲህ ጥሬ ማብላቱን ተውኩ፤ ማመኑን ግን አልተውኩም። ትልልቆቹ መኪናዎች ከእነዚህ ትንንሾቹ ነው የሚያድጉት፤ ፋብሪካ የሚሉት ደግሞ የሚያድጉበት ጉሮኖ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለእኔ ግልጽ ነበር።

ሥራዬ ውኃ መቅዳት፣ የዘይት ቆርቆሮ ለቅሞ በአመድ ማጠብ፣ ከሰሉን ማራገብ ነው። ቆርቆሮው በእግሬ ስለሚገባ እትዬ አስካለ የእሳቸውን ያረጀ ቡትስ ጫማ አደረጉልኝ። ብርዱ ከአንኮበርም ብሶ ጆሮ ይቆርጣል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ መዶሻውና ዝናቡ አይለይም። እኔ ከሰሉ አጠገብ ነኝና ፊቴ ይነዳል፣ ጀርባዬ ይበርዳል። ለመበየጃ የሚቀልጠው የእርሳስ፣ የቀለሙ፣ ለፍተሻ ከሚነዱት መኪና የሚመጣው የፍሪሲዮኑ ሽታ፤ ሌሎች ልጆች ክረምትን በበቆሎ እሸት ያስታውሱታል፣ እኔ በዚህ ነው።

ወሮችን የተማርኩት እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። ትምህርት ቤት አልያዘልኝም ነበር፤ ከታኅሣሥ በኋላ ይጠፋብኛል። ጋሼ በየነ ይህን ሲሰሙ መኪናዎቹን በወር ስም አወጡልኝ።

አጭሯ፣ ጀርባዋ ክፍት፣ ምንም ያላጌጠችው መስከረም ናት። "ሁሉም ከእሷ ነው የሚጀምር።" ያቺው አጭሯ በቀለበት ብረት ላይ ሸራ ስትለብስ ጥቅምት ትሆናለች፤ ብርድ ይጀምራላ! ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ሁለት ረድፍ ወንበርና አራት በር ያላት ናት፤ ሚዜዎቹ የት ይቀመጣሉ? ሰኔ ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሆኖ ሦስት ጎኗ ወደ ታች የሚወርድ፣ ዘርና ማዳበሪያ ከሦስት በኩል የሚራገፍባት። ሐምሌ ከላይ በቆርቆሮ ድፍን ያለች፣ መስኮት የሌላት ናት፤ ሐምሌ መቼ ፀሐይ አየ? እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሐምሌ ድረስ አሥራ አንዱ ሞሉ።

"ነሐሴስ?" አልኩ ባዶውን ቦታ እያየሁ።

"ነሐሴ ረጅሟ ናት" አሉ። "ጀርባዋ ከመስከረም በአንድ ክንድ የሚረዝም። ሻንሲዋን አውቀዋለሁ፤ ድሮ አንዷን ላይዋ ተነሥቶ ከሥሯ ገብቼ ሠርቻታለሁ። ጋቢናዋም የእህቶቿ ነው። የጭነቱን ሳጥን፣ ካሶኒዋን ግን ሳልለካው ሄደብኝ። በዚህ አገር ብዙ የለችም።"

"ገምተው አይሠሩትም?"

እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። "ከፋብሪካ የወጣ ነገር አይገመትም!"

ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ የገባኝ አንድ የጫጫ ሰው ሲመጣ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ ፒክአፑን ከከባድ የጭነት መኪና ጋር አጋጭቶ ጀርባዋን እንደ ወረቀት አጣጥፎ አመጣት።

"እንደነበረች ይሥሩልኝ" አለ።

"እንዴት ነበረች?"

"እንደ መኪና ነበረቻ!"

ጋሼ በየነ ወደ መደርደሪያው ጠቆሙኝና "ልጄ፣ ሙሽሮቹን አምጪ" አሉ። መስከረምን፣ ኅዳርን፣ መጋቢትን ፊቱ ደረደርኩለት። ሰውየው ቁጭ ብሎ አንገቱን እያጋደለ ሲያያቸው ቆየ። በመጨረሻ መጋቢትን አነሣና "ይቺ ናት! መለዋወጫ ጎማዋ ከጋቢናው ጀርባ ነበር! ኧረ በሩም እንዲሁ ነበር!" አለ፤ የጠፋች ልጁን ያገኘ ይመስል። ጋሼ በየነ ከመጋቢት ላይ በጣታቸው እየለኩ ትልቁን ላሜራ ቆረጡ።

መለኪያቸው እንዲህ ነው፤ የትልቁ መኪና አንድ ክንድ፣ የትንሹ አንድ ጣት። ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ አንድ ክንድ፤ ለዚያ አንድ ጣት ወርድ። ሜትር ነበራቸው፣ አንድ ደንበኛ ተውሶ ወሰደውና ቀረ።

"ሜትር ይሰረቃል" ይላሉ። "ክንዴን የሚሰርቀኝ የለም።"

ፋብሪካውም እንደሳቸው በክንድ የሚለካ ይመስላቸው ነበር። በካሶኒው ጎን ገመድ የሚታሠርባቸው ትንንሽ መንጠቆዎች አሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሁልጊዜ አንድ ክንድ። "አየሽ? የእኔ ዓይነት ሰው ነው የሠራት።"

ነሐሴ በነሐሴ መጣች። ከእነዋሪ ገበያ ገብስ ጭና ስትመለስ ነዳጅ ማደያው ጋ እንደቆመች እትዬ አስካለ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ አይተው ነገሩን።

"ሰውየው፣ ያቺ የምትናፍቃት ረጅሟ ማደያው ጋ ናት።"

ጋሼ በየነ ሊነሡ ሲሉ ዘንጋቸው አንሸራተተና ተመልሰው ቁጭ አሉ። እሳቸው በዚያ እግር እስኪደርሱ ነዳጁ ሞልቶ ሄዳለች። እኔን አዩኝ።

"ሩጪ! ካሶኒዋን ብቻ ለኪ፤ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ጅራቷ። ስንት ክንድ፣ ስንት መንጠቆ። ብቻ አትገምቺ!"

በዚያ ትልቅ ቡትስ እየተንኳኳሁ በጭቃው ውስጥ በረርኩ። ሹፌሩ ሒሳብ እየከፈለ ነው። እኔ ክርኔን ከጋቢናው ጀርባ አስደግፌ ክንዴን ዘረጋሁ፤ አንድ። ጣቴ ያረፈበት ክርኔን፤ ሁለት።

"አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው? መኪናዬን ልትገዢ ነው?"

"ለጋሼ በየነ ነው! ሊያሳድጓት ነው!"

ሹፌሩ ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ሳቀና ጨርሼ እስክለካ ቆመልኝ። ስድስት ክንድ ተኩል፤ አምስት መንጠቆ። ሳልረሳው "ስድስት ተኩል፣ አምስት፤ ስድስት ተኩል፣ አምስት" እያልኩ ሮጬ ተመለስኩ።

ጋሼ በየነ ሌላ ሥራ ሁሉ ጣሉ። ቆርቆሮውን በጣታቸው ለክተው ቆረጡ፤ ስድስት ጣት ተኩል። አጠፉ፣ አጣበቁ፣ አሳመሩ። መንጠቆዎቹን በየጣቱ አንድ፣ አምስት ተከሉ። ከዚያ መኪናዋን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። መንጠቆው አልቆ ካሶኒው ይተርፋል። ከአምስተኛው መንጠቆ ወዲያ አንድ ተኩል ጣት ራቁቱን ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ፣ ከጎማው አልፎ እንደ ጅራት ወጥቷል።

"አምስት ነው ያልሽው?"

"አምስት።"

"አልገመትሽም?"

"በማርያም አልገመትኩም!"

ሁለት ቀን አልተጫወቱም። ፋብሪካውን ተቀየሙት። "ሰክረው ነበር መሰል" ይላሉ ለብቻቸው። "መንጠቆ ጠፍቶባቸው ነው?" እኔ ደግሞ በፋብሪካው ጥፋት እንደ ራሴ ጥፋት አፍሬ ወጡን እንኳ በደንብ አልበላሁም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ሰለቻቸው። ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አምጥተው አስቀመጡና "ከመኪና ጋር ከምትኮራረፍ ጫናትና እያት!" አሉ።

ጋሼ በየነ ቆሎውን በብርድ ልብስ ቁራጭ ቋጥረው ትንሽ ጆንያ ሠሩ። ከጋቢናው ጀርባ ሲያስቀምጡት መኪናዋ ጸጥ ብላ ቆመች። ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት፣ ከአምስተኛው መንጠቆ ሲያልፍ፣ አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ተነሣ። የፊት ጎማዎቿ አየር ላይ ቀሩ። በጣታቸው ጎማውን ወዲህ ወዲያ አዞሩት፤ ዞረ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"አየሽ ብርቄ?" አሉኝ። "ጭነት ከኋላ ጎማ ሲያልፍ መሪው የሹፌሩ አይደለም፤ የእግዜር ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም ፋብሪካ ያውቃል።" ከዚያ ዓይናቸው ክንዴ ላይ ዐረፈ። የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ ቆሎ እየዘገንኩ ነበር።

"እስቲ ክንድሽን አምጪ።"

ጠረጴዛው ላይ ክርን ለክርን አስተያየን። የእኔ መሃል ጣት የሳቸው አንጓ ላይ ቀረ።

ክንዴን አዩ፤ መኪናዋን አዩ። ከዚያ ያ የማይታጠፈው እግራቸው ሳይቀር እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እትዬ አስካለ "ምንድነው? ምንድነው?" እያሉ ሮጠው መጡ።

"ይቺ መኪና ከፋብሪካ አልወጣችም! ከብርቄ ክንድ ነው የወጣች! በልጅ ክንድ ለክታ በሽማግሌ ጣት አስቆረጠችኝ!"

እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ። ያለቀስኩት ስለተሳሳትኩ መሰላቸው። እውነቱ ሌላ ነው። ይቺ አድጋ ትወጣለች ብዬ ነው የፈራሁ። አንድ ቀን ከጉሮኖው ትወጣና፣ ጅራቷ ረዝሞ፣ አፍንጫዋን አንሥታ፣ ሰው ይዛ ገደል ትገባለች፤ ጥፋቱ የክንዴ ነው። ይህንን በሳግ ነገርኳቸው።

ጋሼ በየነ መሳቃቸውን አቆሙ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

"አታድግም። ፋብሪካ እንዲህ አይሳሳትም።" ትንሽ አሰቡ። "ሰው ግን አለ። የተሠራውን አይቶ የማይበቃው፣ ትንሽ ብቀጥልበት ብሎ የሚቀጥል። እንዲያ ያለችውን ካየሽ መንጠቆውን ቁጠሪ። መንጠቆው ካለቀበት ወዲያ የፋብሪካ አይደለም።"

ከዚያ በራሳቸው ክንድ ልክ ዘንግ ቆርጠው ሰጡኝ። በሚቀጥለው የገበያ ማግስት ያቺ ረጅም መኪና ስትመለስ ማደያው ጋ ጠበቅኋት። ሹፌሩ "ገዢዬ መጣች!" አለ። በዘንጉ ለካሁ። አምስት፤ ከመንጠቆው ጋር እኩል። ነሐሴ ተሠርታ ቦታዋን ያዘች፣ መደርደሪያው ሞላ።

የተሳሳተችውን ግን አልጣሏትም። "ከአሥራ ሁለቱ ተርፋ የመጣች ስለሆነች ጳጉሜ ናት" አሉና በሰማያዊ ቀለም ቀብተው ለእኔ ሰጡኝ። መስከረም ሲጠባ ጳጉሜን በጉያዬ ይዤ አንኮበር ገባሁ። ቤት ስደርስ ወንድሜ ተወልዶ ነበር። "ለአንተ አይደለም" ነው ያልኩት መጀመሪያ።

እንግዲህ ያቺ ናት፣ ያው ሰማያዊ ቀለሟ፣ አድጋ አንኮበር ዳገት ላይ የቆመችብኝ።

ሕፃኗን ለልጄ መለስኩላትና ተነሣሁ። 

"የኔ ልጅ" አልኩት ታዲዮስን፣ "ይቺ መኪና ጀርባዋ ተቀጥሏል።"

"ኧረ እትዬ! ከፋብሪካ እንዲህ ነው የወጣች። አባቴ ሲገዛትም እንዲሁ ነበረች።"

"መንጠቆዋን ቁጠር።"

"ምን?"

"መንጠቆዋን!"

ዘሐራ በአንድ ጫማ እያነከሰች መጣች። "ሴትየዋ ደንግጣ ነው፣ ውኃ አጠጧት" አለች።

ክርኔን ከጋቢናው ጀርባ አስደገፍኩና ክንዴን ዘረጋሁ። የመሃል ጣቴ ልክ መንጠቆው ላይ ዐረፈ። አንድ። እንደገና፤ ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። አንዱም አልሳተም፤ ክንዴ አሁን የጋሼ በየነን ያህላል። ስድስተኛው ላይ ጣቴ ባዶ ላሜራ ነካ።

"ከዚህ ወዲያ የፋብሪካ አይደለም" አልኩ። "ቀለሙን ፋቀው።"

ታዲዮስ እየሳቀ ነው ቁልፉን ያወጣው። ሁለት ጊዜ ፋቀና ሳቁ ቆመ። ከቀለሙ ሥር የብየዳ ጠባሳ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ጣቱን በጠባሳው ላይ አስኬደው።

"አባቴ…" ብሎ ጀመረና ተወው።

"አባትህን አትቀየም። ደረቅ ሜዳ ላይ ምንም አይላት ይሆናል። ዳገት ላይ ግን ጭነት ከኋላ ጎማ ሲያልፍ መሪው የአንተ አይደለም።"

ዘሐራ አፏን ይዛ ጆንያዎቿን አየች። "የእኔ ሽንኩርት ግማሹ ከዚያ ወዲያ ነው ያለው!"

"ለዚያ ነዋ አፍንጫዋ የተነሣ።"

"ታዲያ ልጥለው ነው? ወላሂ አንዲት ራስ ሽንኩርት አልጥልም!"

"ማን ጣይ አለሽ? ወደ ፊት እናምጣው።"

አራታችንም ገባንበት፤ ሰላም ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ ሳትቀር። ጆንያውን ከጋቢናው ጀርባ ጀምረን ደረብን፤ እስከ አምስተኛው መንጠቆ ድረስ ሞላን፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ፍሬ አላስቀረንም። አራት ጆንያ ተረፈ። ከመንገዱ ዳር ጠጋ አድርገን አወረድነው። ዘሐራ ላዩ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ እዚሁ ነኝ" አለች። "ተመልሰህ ካልወሰድከኝ ታዲዮስ፣ እናትህን ስለማውቃት ቤቷ ድረስ ነው የምመጣልህ።"

የመጀመሪያውን ኩርባ ታዲዮስ ለብቻው ነዳ። እኛ ዳር ቆመን አየን። እኔ የማየው የፊት ጎማዎቹን ብቻ ነው። ድንጋዩን ነክሰው ጠጠሩን ጨፈለቁት፤ መሪውን ሲያዞር መኪናዋ ወዲያው ዞረች። በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ ጮኸ።

"እትዬ! ሰማችኝ! ሰማችኝ እኮ!"

ከዚያ በኋላ እንኳ እኔ በእግሬ ልሂድ ነበር ያልኩ። ሰላም ናት "እማዬ፣ ለክተሻት የለ?" ያለችኝ። ጋቢና ተጣበን ገባን፤ ሕፃኗ መሃላችን። ዓይኔን ጨፈንኩ። በየኩርባው አንድ ወር ጠራሁ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ታኅሣሥ ላይ ሕፃኗ አነጠሰች። ሐምሌ ላይ ዳገቱ ቀለለ። ነሐሴ ስል የሚነፍሰው ብርድ የአንኮበር ብርድ ሆነ፤ ዓይኔን ገለጥኩ። ጳጉሜን አልጠራኋትም።

አንኮበር መናኸሪያው ጋ ወረድን። ታዲዮስ ጭነቱን አራግፎ ወዲያው ለዘሐራ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ዙር ሽንኩርቷን ሁሉ ይዛ፣ ሁለቱንም ጫማዋን አድርጋ ገባች። ያን ጅራት በዚሁ ሳምንት ከብየዳው ላይ አስቆርጣለሁ ብሏል፤ ክንዴን ይዤ እንድመጣለት ጠይቆኛል።

አሁን ቤቴ ነኝ። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች፣ ልጇ ጡቷ ላይ ናት።  ደህና ገብተናል።